ከማህበረሰብ መብት ሥራ ልለቅ ነው፤ ደህና ሁኑ የምለው ለእነማን ነው?

ጦሳ_ሥር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ደሴ ነው። የምሠራው በአንድ አነስተኛ አገር በቀል ድርጅት ውስጥ ነው። ሥራችን የነባር ማህበረሰቦች መብት ነው፤ በተለይ የአርጎባዎችና በጨፋ ሜዳ ዙሪያ ያሉ ከብት አርቢዎች ጉዳይ። የወል ግጦሽ መሬት እንዲመዘገብ እንሟገታለን። ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ እንወተውታለን። ሽማግሌዎች ወረዳ ሲጠሩ የሕጉን አንቀጽ ይዘው እንዲገቡ እናግዛለን። አብዛኛው ቀን ግን ስብሰባ ነው፤ ስብሰባ ካልሆነም ሪፖርት።

አሁን ሀዋሳ ሌላ ሥራ አግኝቻለሁ። የመልቀቂያ ደብዳቤዬንም አስገብቻለሁ። የቢሯችን ልማድ የታወቀ ነው። ኬክ ይቆረጣል፣ ሥራ አስኪያጁ ትንሽ ይናገራል፣ የሚለቀው ሰው ለሁሉም ኢሜይል ይልካል፣ አለቀ።

እኔን የከነከነኝ ሌላ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ ከምላቸው ሰዎች ብዙዎቹ ቢሮ ውስጥ የሉም። ቀበሌ ላይ ስብሰባ የሚጠሩልን አሉ። የሚያስተረጉሙልን አሉ። ግጦሽ ላይ ጠብ ሲነሳ የሚያስታርቁ አበጋሮች አሉ፤ የሴቶች ቡድን መሪዎች አሉ። ከትራንስፖርት በቀር ምንም አይከፈላቸውም። ኢሜይል የላቸውም። ኬኩም አይደርሳቸውም።

አለቃዬ ደግሞ «ተተኪ እስኪቀጠር ለማህበረሰቡ አትንገሪ፤ ፕሮጀክቱ ተዘጋ ብለው ይደናገጣሉ» አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ከልቡ ነው ያለው። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ኢሜይሉ ላይስ ምን ይጻፋል?

ሀይቅ_ዳር፦

እንኳን ደስ አለሽ እህቴ። ሀዋሳ ስትሄጂ የእኛን ሐይቅ እንዳትረሺ እንጂ።

በኢሜይሉ ብዙ አትጨነቂ። የመጨረሻ ቀንሽ መቼ እንደሆነ፣ የትኛው ጉዳይ በማን እጅ እንደሚቀር፣ ስልክሽ። ከዚያ ከልብሽ የምታመሰግኚበት አንድ ነገር። የሰው ስም መደርደር ከጀመርሽ አንዱን ትረሺና ቅያሜ ይዘሽ ትሄጃለሽ። ቢሮው ላይ ያለሽ ቅሬታ ካለ ደግሞ ለብቻው ለሚመለከተው ሰው ተናገሪ። በስንብት ኢሜይል የተላከ ቅሬታ ማንም አያስተካክለውም፤ ቡና ላይ ግን ዓመት ይወራል።

የቀበሌዎቹን ጉዳይ የሚያውቁት ይምጡና ይናገሩ። እኔ ቢሮ ነው ያረጀሁት።

ሒሳብ_ሹም፦

ስሜቱን ለሌሎቹ ትቼ ስለ ገንዘቡ ልናገር፤ እንጀራዬ ነውና።

ድርጅትሽ በሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ቢመዘገብም የአንቺን የሥራ ውል የሚገዛው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 ነው። በፈቃድሽ ስትለቂ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ትሰጫለሽ። ያልወሰድሽው የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይታሰብልሻል። ፈቃዱ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ አገልግለሽ ከሆነ፣ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የውል ግዴታም ከሌለብሽ፣ በፈቃድሽ ብትለቂም የሥራ ስንብት ክፍያ አለሽ። ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት ደግሞ የዚያ ሲሶ ነው። ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ነው። ገንዘቡ ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት።

የሥራ ልምድ ደብዳቤም መብትሽ ነው፤ ውለታ አይደለም። ላፕቶፑን፣ ቁልፉን፣ የቢሮውን ሲም ካርድ በፊርማ አስረክቢና የርክክቡን ኮፒ ያዢ።

ያልተወራረደ የመስክ ቅድመ ክፍያ ካለብሽ ግን ከኬኩ በፊት አወራርጂ። ኬኩ ተበልቶ፣ ሰው ተላቅሶ፣ በማግስቱ «ደረሰኝ ጎድሏል» ተብሎ የተደወለለት ሰው አውቃለሁ። አያምርም።

የሾንኬ_ልጅ፦

እኔ የምጽፈው ከዚያኛው ወገን ሆኜ ነው። ያደግኩት ሾንኬ ነው። አርጎብኛ ዛሬም ከሚነገርባቸው ጥቂት ቦታዎች ሾንኬና ጦልሃ ዋናዎቹ ናቸው።

ከድርጅት የሚመጡ ልጆችን ከትንሽነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። መኪናቸውን ታች አቁመው አቀበቱን በእግር ይወጣሉ። በድንጋዩ ቤት ይቀመጣሉ። ቡና ይጠጣሉ። አያቴ የምታወራውን በስልክ ይቀዳሉ። እኛም እንለምዳቸዋለን። ከዚያ አንድ ቀን ያችው መኪና ትመጣለች፣ ከውስጧ ግን ሌላ ሰው ይወርዳል። «የቀድሞዋ ልጅስ?» ስንል «ለቃለች» ይሉናል። አዲሱ ሰው ደብተሩን ይከፍትና «የማህበረሰቡ ዋና ዋና ችግሮች ምንድን ናቸው?» ብሎ ከአንድ ይጀምራል። አያቴ ሁሉንም እንደገና ትነግረዋለች። አንዴ ግን ሰልችቷት «ያችኛይቱን ጠይቃት፣ እሷ ጽፋዋለች» አለችው።

እኛን የሚያስቀይመን መልቀቃችሁ አይደለም። ሰው እንጀራው ወዳለበት ይሄዳል፤ የእኛም ልጆች ጅዳና ሪያድ ናቸው። የሚያስቀይመን ከሌላ ሰው መስማታችን ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እናንተ ስትመጡ የምታስተምሩን ምንድን ነው? የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እንደ ፈረንጆቹ በ2007 ያጸደቀውን የነባር ሕዝቦች መብት መግለጫ ይዛችሁ «እናንተን የሚነካ ነገር ከመወሰኑ በፊት ይነገራችሁ፤ ያለ ጫና፣ አውቃችሁ ትስማሙ» ትሉናላችሁ። ወረዳውን የምትሞግቱት በዚሁ ነው። ታዲያ አለቃሽ «አትንገሪያቸው» ሲል ምን እያለ ነው? መንገድ ሲቀየስ ቀድሞ ይነገረን፣ የእኛን ጉዳይ የያዘችው ልጅ ስትቀየር ግን አይነገረን ነው?

አብሽሪ፣ አንቺን እየወቀስኩ አይደለም። ጠይቀሻልና ነው።

ቃሉ_ቆላ፦

የሾንኬው ወንድሜ ያለው ልክ ነው። ግን ሥራ አስኪያጁንም በአንድ ቃል አትጣሉት።

እኔ ጨፋ አካባቢ ለብዙ ጊዜ ሠርቻለሁ። በበጋ ቆላው ሲደርቅ አፋሮች ግመላቸውንና ከብታቸውን ይዘው ወደ ጨፋ ረግረግ ይመጣሉ። ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አማራውም ከብቱን የሚያሰማራው እዚያው ነው። ማን የት ያሰማራል፣ ውሃ በየትኛው በር ይጠጣል፣ ሰብል ከተበላ ካሳው ስንት ነው፣ ይሄ ሁሉ በሽማግሌዎች ስምምነት ነው የሚያዘው። በዚያ መሃል የድርጅት ሰው ሥራው ቀላል ነው የሚመስለው። ቃለ ጉባኤ ይጽፋል፣ ስልክ ይደውላል፣ መኪና ያቀርባል። ግን የሁሉንም ወገን ቃል የሰማ እሱ ብቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ያ ሰው በጥር ወር ድንገት «ደህና ሁኑ» ካለ አንዱ ወገን «ነገሩን የምታውቀው ሄደች፣ አሁን የፈለግነውን ማለት እንችላለን» ሊል ይችላል።

ስለዚህ ትንገሪያቸው፣ ግን አነጋገሩ ዘዴ አለው። ለሁሉም ወገን ሽማግሌዎች በአንድ ቀን ንገሪ፣ ቢበዛ በሁለት ቀን ውስጥ። ለአንዱ ሰኞ፣ ለሌላው በሳምንቱ ከሆነ ቀድሞ የሰማው የተመከረበት፣ ዘግይቶ የሰማው የተሸረበበት ይመስላል። ስብሰባ ጠርተሽ በማይክ እንዳትናገሪው። መጀመሪያ ለትልልቆቹ፣ በየቤታቸው። እነሱ ለሕዝቡ ያደርሱታል።

ብቻሽንም አትሂጂ። ተተኪ ባይቀጠር እንኳ ጉዳዩን ለጊዜው የሚይዘውን ባልደረባ ይዘሽ ሂጂ። ሽማግሌው የእሱን ፊት ይይ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ይጠይቀው። ያ ጥያቄ ሳይጠየቅ የተረከበ ሰው አልተረከበም።

ጦሳ_ሥር፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የሾንኬ_ልጅ፣ ያልከው ሆዴ ገባ። ያንን መግለጫ በወረቀት አባዝቼ የማድለው እኔ ነኝ።

ቃሉ_ቆላ፣ እድለኛ ነኝ መሰለኝ፣ አሁን ሐምሌ ነው። አፋሮቹ ዝናቡን ተከትለው ወርደዋል፤ ጨፋ ላይም የተንጠለጠለ ክርክር የለም። አፋር በኩል ያሉትን ሽማግሌዎች ግን ባቲ ሰኞ ገበያ ካልሆነ አላገኛቸውም።

ኮምቦልቻ_ነኝ፦

ነሐሴ 3 የዓለም የነባር ሕዝቦች ቀን አይደል? ድርጅታችሁ እንደሚያከብረው እገምታለሁ። ሽኝቱን ከዚያ ጋር አያይዙት። በጀት አለ፣ መኪና አለ፣ ከየቀበሌው ሰው ይመጣል፤ በአንድ ድንጋይ ሁለት ወፍ።

ሀይቅ_ዳር፦

ኧረ ተው ኮምቦልቻ። ነሐሴ 3 ፍልሰታ ነው፤ ግማሹ ሰው ይጾማል፣ ያውም እስከ ከሰዓት። ዝናቡም አለ፣ የሾንኬን አቀበት በነሐሴ ጭቃ ማን ይወጣዋል?

ደግሞም ቀኑ የራሱ ታሪክ አለው። ነሐሴ 3፣ በእነሱ ኦገስት 9፣ የተመረጠው በተባበሩት መንግሥታት የነባር ሕዝቦች የሥራ ቡድን በፈረንጆቹ 1982 ጄኔቫ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰበሰበበትን ቀን ለማሰብ ነው። ሰዎቹ ራሳቸው ቀርበው የሚናገሩበት በር የተከፈተበት ቀን ነው። በዚያ ቀን የድርጅት ሠራተኛ ፎቶ በባነር ተሰቅሎ «እንወድሻለን» ቢባል ደስ ይልሻል?

ኮምቦልቻ_ነኝ፦

ፍልሰታን ረሳሁት። የባነሩን ግን አልልኩም 😄

ከሚሴ_መንገድ፦

እናንተ ለመሰናበት ቀን ትመርጣላችሁ። እኛ ቀን አልተሰጠንም።

በ2017 ጥር የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታን ለ90 ቀን ሲያግድ የእኛ ፕሮጀክት ከዚያ ገንዘብ ነበር የሚሠራው። አርብ ወጥተን ሰኞ ስንገባ «ሥራ አቁሙ» የሚል ደብዳቤ ደረሰን። መስክ መውጣት ተከለከለ። መኪናው ግቢ ውስጥ ቆመ። የጠራነው ስብሰባ ነበረን፤ ሰዎቹ ከሁለት ሰዓት እግር መንገድ መጥተው ቀበሌ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ጠበቁን። ደውለን «አንመጣም» አልን። «ለምን?» ሲሉ ምን እንደምንመልስ አልተነገረንም ነበር። ከዚያ ደብዳቤ በኋላ ውላችን ተቋረጠ። ባልደረቦቼን እንኳ በአግባቡ አልተሰናበትኩም። በቴሌግራም ግሩፑ ላይ አንድ በአንድ «ለቅቋል» እያለ ሲጽፍ ነው ያየሁት።

በኋላ በራሴ ባጃጅ ሄጄ ሁለት ሽማግሌዎችን አገኘሁ። ይቅርታ ልጠይቅ ነበር አካሄዴ። አንደኛው «ልጄ፣ እናንተም እንደኛው ናችሁ ለካ፤ ሳትጠየቁ ነው የሚወሰንባችሁ» አሉኝ። ከዚያ ምሳ አበሉኝ።

ስለዚህ ጦሳ_ሥር፣ ቀን ካለሽ ተጠቀሚበት። አለቃሽ ቢቆጣ አንድ ሳምንት ነው።

የቧንቧ_ውሃው_ሽማግሌ፦

ልጆቼ፣ እኔ ጡረታ ወጥቼ ቤት ነው የምውለው። ልጄ ስልኬ ላይ አስገባችልኝና አነባችኋለሁ። የጽሑፍ ስህተት ካለ ጣቴ ነው።

በእኛ አገር ሰው የሚሸኘው በምርቃት ነው። ኬኩን አልጠላም፤ ስኳር ስላለብኝ አይመለከተኝም እንጂ። ቡናው ግን በደንብ ይፈላ። አቦል ጠጥቶ ስብሰባ አለብኝ ብሎ የሚነሳ አይኑር፤ በረካው እስኪደርስ ቁጭ በሉ። ምርቃቱ በረካው ላይ ነው። ሸኽም ቄስም ካሉ ሁለቱም ይመርቁ፤ ለወሎ ይሄ ብርቅ አይደለም። ሥጋ ካሰባችሁ ሁለት ቢላ፣ ሁለት ድስት አዘጋጁ። «አንዱ ይበቃል» የሚል ሰነፍ ካለ ከኮሚቴው አውጡት። አርብን ተዉት፣ ጁምዓ አለ፣ ጾምም ነው። ረቡዕም ጾም ነው። ማክሰኞ ወይም ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ይሻላል።

ሌላው፣ የቢሮ ሽኝት ላይ ሁልጊዜ የማየው ነውር አለ። ጥበቃው በር ላይ ይቀራል። ሾፌሩ መኪና ውስጥ ነው። ቡና የምታፈላዋ ለሰው ሁሉ ስትቀዳ ውላ አንድም ቃል ሳትናገር ይበተናል። እነዚህ ናቸው እኮ የሠራተኛውን መግቢያና መውጫ የሚያውቁት። በዚያ ቀን ቡናውን ሌላ ሰው ያፍላ። እሷ እንግዳ ሆና ትቀመጥ፣ ትናገርም።

አንቺ ልጄ ደግሞ፣ መንገድሽን ጨርቅ ያድርግልሽ። እንቅፋት አይምታሽ። በሄድሽበት ሰው አያሳጣሽ።

ጦሳ_ሥር፦

አሚን አባባ። እድሜና ጤና ይስጥዎት። ቡና የምታፈላልንን ነገር ከዚህ በፊት ማንም አላነሳውም ነበር። እኔ አፈላለሁ።

ሳቅ_ብቻ፦

አንቺ የምታፈዪ ከሆነ እኔ አልመጣም።

ቀልዱን ልተወውና ስጦታስ? እባካችሁ የግድግዳ ሰዓት አትግዙላት። እኔ ቤት ከየቢሮው ሽኝት የመጡ ሰዓቶች አሉ፣ አንዳቸውም ከሌላው ጋር አይስማሙም። ስሜ በወርቅ ቀለም የተጻፈበት ትልቅ ፍሬምም አለኝ፤ ስሜ ተሳስቷል። መዋጮውን ደግሞ በግሩፕ ላይ ስም እየጠሩ «ያልከፈላችሁ» ማለት ይቅር። ጥበቃው ደመወዙ ስንት ሆኖ ነው እኩል የሚያዋጣው?

ሀይቅ_ዳር፦

ጋቢ። ሁልጊዜም ጋቢ። አርጎባ የሸማ ሥራ አገር ነው፣ ከዚያው ይገዛ፤ ገንዘቡም ወደሚገባው ሰው ይሄዳል። ሀዋሳ ይሞቃል እንዳትሉኝ፣ ጋቢ ለሙቀት ብቻ አይደለም።

ጦሳ_ሥር፦

የኢሜይሉን ረቂቅ ጻፍኩት። እስኪ እዩልኝ፦

«ውድ ባልደረቦቼ፣ ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሥራዬን እለቃለሁ። ድምፅ ለሌላቸው ድምፅ በሆንንበት በዚህ ሥራ አብሬያችሁ በመቆየቴ እኮራለሁ። የወል መሬት ምዝገባው ፋይል በመስክ አስተባባሪው እጅ ነው። የቋንቋ ትምህርቱ ጉዳይ ደብዳቤው ወረዳ ገብቶ መልስ እየተጠበቀ ነው። ከእናንተ ብዙ ተምሬያለሁ። ስልኬ አይቀየርም።»

የሾንኬ_ልጅ፦

ሁለተኛውን አረፍተ ነገር ሰርዢው። አያቴን «ድምፅ የላትም» የሚል ሰው አያቴን አያውቃትም፤ እሷ ከታች ስትጣራ ላይኛው መንደር ይሰማል።

ከልቤ ነው የምለው። ሽማግሌዎቻችን ከእናንተ በፊትም ለወረዳም ለአውራጃም ሲናገሩ ኖረዋል። እናንተ ያመጣችሁት አንቀጹን፣ መኪናውንና ቀጠሮውን ነው። ትልቅ ነገር ነው፣ አላሳንሰውም። እሱን በስሙ ጥሪው።

«ከእናንተ ብዙ ተምሬያለሁ» የሚለውም ለማንም ይጻፋል። ምን ተማርሽ?

ጦሳ_ሥር፦

ሰረዝኩት። የተማርኩትን ደግሞ እንዲህ ጻፍኩ፦ «ሽማግሌ ዝም ሲል ተስማማ ማለት እንዳልሆነ ያስተማረኝ የመስክ አስተባባሪያችን ነው። ከስብሰባ በኋላ መንገድ ላይ የሚነገረውን እንድጠብቅ የነገረኝ ደግሞ ሾፌራችን ነው።» ስም አልጠራሁም፣ ግን ያውቁታል።

ሀይቅ_ዳር፦

ይሄ ኢሜይል ሆነ። ላኪው።

ጠበቃ_ነበርኩ፦

ዘግይቼ ነው ያየሁት። ስለ ወረቀቱ ማንም አልተናገረም፤ ለእኔ ትልቁ እሱ ነው።

በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የስንት ቢሮ ፋይል ጠፋ፣ ተቃጠለ፣ ተበተነ። እኔ የያዝኩት አንድ የወል መሬት ጉዳይ ነበር፤ የቢሮው ፋይል ሲጠፋ ያተረፈን አንድ የቀበሌ ሽማግሌ ዱቄት ማስቀመጫ ሣጥን ውስጥ ያኖሩት ኮፒ ነው። የገቢ ቁጥሩና ማህተሙ ሳይቀር ነበረበት። ስለዚህ ስትሰናበቺ ባዶ እጅሽን አትሂጂ። ወረዳ የገባውን ደብዳቤ የገቢ ቁጥር ካለበት ኮፒው ጋር፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤዎችን፣ ድንበሩ የተሰመረበትን ንድፍ ለእነሱው አስረክቢ። ከሕጉም የሚያስፈልገውን ብቻ በትልልቅ ፊደል አትመሽ ስጪያቸው። ከሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5፣ አርብቶ አደር በነጻ የግጦሽ መሬት የማግኘትና ከመሬቱ ያለመነቀል መብት እንዳለው የሚለው። ለአርጎባዎቹ ደግሞ አንቀጽ 39 ንዑስ አንቀጽ 2፣ በቋንቋው ስለ መናገር፣ ስለ መጻፍና ስለ ማሳደግ የሚለው። ስለ ገጠር መሬት አዲሱ የፌዴራል አዋጅ 1324/2016 ስለሆነ የድሮውን 456/1997 እየጠቀሱ እንዳይሞግቱ ንገሪያቸው።

የተቀዳውም ድምፅ ይመለስላቸው። የሾንኬ_ልጅ አያት የተናገሩት በማን ላፕቶፕ ውስጥ ነው ያለው አሁን? በአንድ ፍላሽ ቀድቶ ለልጅ ልጅ መስጠት ምን ያስቸግራል?

በሌላ በኩል የማይተላለፍም አለ። አንዲት ሴት ለአንቺ ብቻ ብላ የነገረችሽ ነገር፣ ወይም አንዱ የመንደር ሰው በባለሥልጣን ላይ ያመለከተው ጥቆማ በርክክብ ሰነድ ውስጥ ከነስሙ ተጽፎ ሊገኝ አይገባም። ባለጉዳዩን ጠይቂ፦ «አዲስ ሰው እየመጣ ነው፣ ይህን ልንገረው ወይስ ራስሽ ትነግሪዋለሽ?» «አትንገሪ» ካለች ማስታወሻውን ከሌላው ፋይል ለይተሽ፣ ቢሮው ሚስጥር በሚይዝበት ደንብ አሽገሽ አስቀምጪ። ይህን ሳያደርጉ ደብተራቸውን እንዳለ ጠረጴዛ ላይ ትተው የሄዱ ሰዎች አሉ። ደብተሩ ስንት እጅ እንደዞረ አላህ ነው የሚያውቀው።

ቃሉ_ቆላ፦

የጠበቃው የመጨረሻ አንቀጽ ተቀድቶ በየቢሮው ይለጠፍ። ስለ ሚስጥሩ አላሰብኩም ነበር እንዳልል ነው እንጂ፣ እኔም ስለቅ ማንም አልነገረኝም።

የሾንኬ_ልጅ፦

ጠበቃ፣ የአያቴ ቅጂ የት እንዳለ አናውቅም። ሁለት ዓመት ሆኗት ከሞተች። ቅጂው ቢገኝልን ቤታችን በዓል ነበር።

ጠበቃ_ነበርኩ፦

አላህ ይዘንላት። ድርጅቱንና የተቀዳበትን ጊዜ በውስጥ መስመር ላክልኝ። አንዳንድ ሰው አውቃለሁ፤ ቃል አልገባም፣ እጠይቃለሁ።

ጦሳ_ሥር፦

ሁሉንም ሰማሁ፣ ላካፍላችሁ።

አለቃዬ ጋ ገብቼ «ቀድመን ካልነገርናቸው የምናስተምረውን እያፈረስን ነው» አልኩት። መጀመሪያ ተከራከረኝ። በኋላ የመስክ አስተባባሪው አብሮኝ እንዲሄድ፣ መኪናም እንዲሰጠን ፈቀደ። «ፕሮጀክቱ አልተዘጋም በሉ» ብቻ አለ፤ አልተዘጋምም።

የአርጎባዎቹንና የኦሮሞዎቹን ሽማግሌዎች በአንድ ቀን አገኘን፣ አፋሮቹን በማግስቱ ባቲ ገበያ ላይ። ተደናገጡ የሚባለው ነገር የለም። አንዱ አባት ንግግሬን እስከ መጨረሻ ከሰሙ በኋላ «ደህና። ደብዳቤው የት ደረሰ?» አሉኝ። እኔ እንባዬን እየታገልኩ ነበር፣ እሳቸው ስለ ደብዳቤው ነው። ኮፒውን ሰጠኋቸው። የገቢ ቁጥሩን ልጃቸው ጮክ ብሎ እንዲያነብ አደረጉት፣ ከዚያ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። አስተባባሪውን የማን ልጅ እንደሆነ ጠየቁት። አያቱን ያውቋቸዋል።

የሴቶች ቡድን መሪዋ ከበደችኝ። «ትመለሻለሽ?» አለችኝ። «ለሥራ አልመለስም፣ ስትደውዪ ግን አነሳለሁ» አልኳት። ለእሷ የያዝኩትን አንድ ነገር ለተተኪዬ ልንገር ወይ ብዬ ጠየቅኳት። «አይሆንም፣ መጀመሪያ ልያት» አለች። እንዳለችው አደርጋለሁ።

ቢሮም ሐሙስ ከሰዓት ሆነ። ቡናውን እኔ አፈላሁ፤ አቦሉ ቀጥኖ ነበር፣ ሳቅ_ብቻ ባይመጣ ትክክል ነው። ጥበቃችን ከሁሉ በላይ ተናገሩ። ስንት ሰዓት እንደምገባና እንደምወጣ፣ የትኛው ቀን ከፍቶኝ እንደነበር ሳይቀር ያውቃሉ። ጋቢም ተሰጠኝ።

ሳቅ_ብቻ፦

ስምሽ አልተጻፈበትም አይደል?

ሒሳብ_ሹም፦

ቅድመ ክፍያው ተወራረደ?

ጦሳ_ሥር፦

አንድ የናፍጣ ደረሰኝ ቀርቶኛል። ሾፌሩ ማደያው ሄዶ እያጠያየቀልኝ ነው።